ማርኩ የልጁ ይሁን፦ ስለ ክፍል ፈተናና ስለ አስተራረማችን

ጎንደር ላይ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ለመጀመሪያና ለመካከለኛ ደረጃ መምህራን የቀረበ ንግግር ነው። ከሞላ ጎደል እንደተነገረ ተጽፏል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

ከአዘዞ የመጣችሁ አላችሁ። ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ የመጣችሁም አያለሁ። ፈተና አርማችሁ፣ ሮስተር ሞልታችሁ፣ ገና በቅጡ ሳታርፉ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት። ድካማችሁን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ለምን እንደምንፈትን። ሁለተኛ፣ የፈተና ዓይነቶችን። ሦስተኛ፣ አስተራረማችንን። ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ። ልጆችን ሳናውቀው የምንበድለው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ። እጅ አታውጡ፣ በልባችሁ መልሱልኝ። አንድ ልጅ በኅብረተሰብ ትምህርት 62 አገኘ። ይህ 62 የማን ነው? የልጁ ነው ወይስ የእናንተ? ያንኑ ወረቀት የጎረቤት ክፍል መምህር ቢያርመው 62 ይሰጠዋል? እናንተ ራሳችሁ ስሙን ሸፍናችሁ ከሳምንት በኋላ ብታርሙት ያው 62 ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሱት አሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ1912 ስታርችና ኤሊየት የሚባሉ አሜሪካውያን የአንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩ። 142 መምህራን አረሙት። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ማርኩ ግን ከ64 እስከ 98 ሆኖ ተመለሰ። «ቋንቋ ስለሆነ ነው፣ ሒሳብ ቢሆን እንዲህ አይለያይም» የሚል ነበር። በዓመቱ የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ። ጭራሽ ባሰ። ዝቅተኛው 28፣ ከፍተኛው ከ90 በላይ! አስቡት እንግዲህ። የልጁ ወረቀት ያው ነው። የተለያየው አራሚው ነው።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ለምንድን ነው የምንፈትነው?

አንዱ ምክንያት ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ ነው፣ ትምህርቱ ሳይጀመር። ይህን በጣም አደራ የምላችሁ በምክንያት ነው። በዚህ ዓመት ከፊታችን የተቀመጡት ብዙ ልጆች ትምህርት ተቋርጦባቸው የቆዩ ናቸው። ሰባተኛ ክፍል ተቀምጦ የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ያልያዘ ልጅ አለ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ ከመክፈታችሁ በፊት አሥር ጥያቄ ስጡ። ማርክ አትመዝግቡበት። ማርክ ካለበት ይኮራረጃሉ፣ ከኮረጁ ደግሞ ያላችሁበትን አታውቁም።

ሁለተኛው ምክንያት በየመሐሉ ትምህርቱ ገብቷቸው እንደሆነ ለማየት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ያለው ይህንን ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ምን ሆነ? ተከታታይ ቴስት ሆነ። ከ10 የታሰበ ቴስት፣ ከ10 የታሰበ አሳይመንት፣ ከ10 የታሰበ ደብተር። ቁጥሩ ይደመራል፣ ሮስተሩ ይሞላል። ግን በቴስቱ ውጤት ምክንያት በማግስቱ ያስተማራችሁትን የቀየራችሁት መቼ ነው? ካልቀየራችሁ መዘናችሁ አይባልም፣ ቁጥር ሰበሰባችሁ እንጂ።

ሦስተኛው የማጠቃለያው ፈተና ነው፣ ካርድ ላይ የሚወጣው። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ላንሳ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሁሉንም መምህሩ ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን ከወደቁት መካከል ካርዳቸው ላይ 80 እና 90 ይዘው የኖሩ ልጆችን አውቃለሁ። እናትና አባት ያንን ካርድ አምነው ነበር። ማን ነው ያንን 90 የጻፈው? እኛ ነን። ልጁ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሙሉ «ጎበዝ ነህ» ሲባል ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ ዱብ ዕዳ የሚወርድበት ለምንድን ነው? ቀድመን እውነቱን ብንነግረው ያነብ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የፈተና ዓይነቶች።

እውነት ሐሰትን ሁላችንም እንወደዋለን። ለማውጣት ቀላል፣ ለማረም ቀላል። ግን እስቲ ሒሳቡን ተመልከቱ። አሥር የእውነት ሐሰት ጥያቄ አወጣችሁ እንበል። ምንም ያላነበቡ 100 ልጆች በጭፍን ሞሉት። ከነሱ ውስጥ ወደ 62 የሚሆኑት 5 እና ከዚያ በላይ ያገኛሉ። ስድሳ ሁለቱ አለፉ ማለት ነው! ጥያቄዎቹ ባለ አራት አማራጭ ምርጫ ቢሆኑስ? በጭፍን ሞልተው 5 እና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ወደ 8 ይወርዳሉ። ስለዚህ እውነት ሐሰት ከሰጣችሁ ሐሰት ያለውን አስተካክሎ እንዲጽፍ አድርጉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሐሳብ አትጨምሩ። «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላትን ተጠንቀቁ። ልጆቹ ነቅተዋል። «ሁልጊዜ» ካለ ሐሰት ብለህ እለፍ ይባባላሉ።

አዛምድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ይሁን። በ«ሀ» ረድፍ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ሣልሳዊ ዳዊት፣ እቴጌ ምንትዋብ። በ«ለ» ረድፍ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የመዝሙር አዳራሹ፣ ቁስቋም፣ በዚያ ላይ ሁለት ትርፍ። ይህ ልጁን ያሳስባል። ነገሥታቱ መካከል «የኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ» ብላችሁ ከከተታችሁ ግን ራስ ዳሽንን ለማግኘት ማወቅ አያስፈልግም። ትርፍ አማራጭ ከሌለም የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በነጻ ነው።

ምርጫ። እዚህ ላይ ታገሡኝ። ምርጫ ሰነፍ ጥያቄ ነው ሲባል እሰማለሁ። አይደለም። ሰነፍ የሚሆነው አማራጮቹን በስንፍና ስናወጣቸው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማን አሠራው ብሎ ጠይቆ፣ ከአማራጮቹ አንዱን ኔልሰን ማንዴላ ያደረገ ፈተና በዓይኔ አይቻለሁ። አራት አማራጭ ይመስላል፣ በእውነቱ ሦስት ነው።

ጥሩ ምርጫ ምን ይመስላል? በዚያ በኩል የሒሳብ መምህራን ተቀምጣችኋል፣ ለእናንተ ይሁን። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው? ሀ. 2/5፣ ለ. 5/6፣ ሐ. 1/6፣ መ. 1/5። መልሱ «ለ» ነው። ሌሎቹን ግን አስተውሉ። «ሀ»ን የመረጠው ልጅ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሯል። «ሐ»ን የመረጠው አባዝቷል። «መ»ን የመረጠው ላዩን እንዳለ ትቶ ታቹን ደምሯል። እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ልጁ የት ጋ እንደተሳሳተ ይነግራችኋል። ሠላሳ ልጅ «ሀ»ን ከመረጠ ሰኞ ምን እንደምታስተምሩ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ደብተር ላይ የሚሳሳቱትን ያዙ፣ ጻፉት፣ አማራጭ አድርጉት። ከዚህ የተሻለ የአማራጭ ምንጭ አላውቅም።

ሌላው፣ ረጅሙ አማራጭ ሁልጊዜ መልስ አይሁን። መልሱም «ሐ» ላይ አይከማች። «ሁሉም መልስ ነው» የሚለውን ካልቸገራችሁ ተዉት። ባዶ ቦታ ሙላም ሲሆን ዓረፍተ ነገሩን ከመጽሐፍ እንዳለ ቆርጣችሁ አታምጡ። የሸመደደው ይመልሰዋል፣ የገባው ይሳሳትበታል።

የተግባርና የቃል ፈተና ስንል ደግሞ ከውጭ የመጣ የሚመስለን አለን። እኛ ጎንደሬዎች ይህን ማለት አንችልም። ይህች ከተማ የፈተና አገር ናት። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማና የመቋሚያ ትምህርት፣ ያስመሰከሩት እዚሁ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅ ሆኜ «ፈተናው ስንት ጥያቄ ነበረው?» ብዬ ጠይቄያቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ጥያቄ የለም። መምህሩ ፊት ትቆማለህ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘህ ትለዋለህ፣ መምህሩ ይሰማል፣ ያያል። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት መስመር ነው። አስቦ ተቀኝቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ያ ሲሆንለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። «ከክፍሉ አራተኛ ወጣህ» የሚለው የለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ ችሏል ወይስ አልቻለም? ካልቻለ እስኪችል ይቆያል።

እኛ ደግሞ ደረጃ እንወዳለን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሃያ ሦስተኛ። ሁሉም ደካማ በሆነበት ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ ምን ያውቃል? ደረጃው አይነግረንም። የሳይንስ መምህራን፣ ማይክሮስኮፕ መጠቀም መቻሉን በወረቀት አትጠይቁት። ማይክሮስኮፕ ካለ አስነኩት፣ ከሌለ ቴርሞሜትር አስነብቡት። የአማርኛ መምህራን፣ ንባብን በጆሯችሁ ፈትኑ።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ። እርማት። እባካችሁ እዚህ ላይ አዳምጡኝ።

ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ሚዛኑን ነው። ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን። ለበርበሬ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ለልጅ ዓመት ሙሉ ልፋት እንዲሁ እንጠነቀቃለን ወይ?

ሁለት ወረቀት ላሳያችሁ። የሰባተኛ ክፍል ጥያቄ ነው። «አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ አድርገው እንዲመርጡ ያደረጓቸውን ሁለት ምክንያቶች ጥቀሱና አብራሩ። 6 ነጥብ።» የመጀመሪያው ልጅ ጽሕፈቱ የታተመ ይመስላል። ሙሉ ገጽ ጽፏል። «ጎንደር ታላቅ፣ ጥንታዊትና ታሪካዊት ከተማ ናት። ግንቦቿ የዓለም ቅርስ ናቸው። ሁላችንም ልንኮራባት ይገባል» እያለ ይሄዳል። ሁለተኛዋ ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት ሆና የምትማር ልጅ ናት። ጽሕፈቷ ዓይን ያደክማል። እንዲህ ብላለች፦ «ወንዝ ሁለት ነው ቀሃና አንገረብ። ለሰው ለከብት ለቤት ሥራ ውሃ አያጣም። ነጋዴ በመተማም በምጥዋም በዚ ያልፋል ንጉሡ ቀረጥ ይቀበላል።» አለቀ።

እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ለሰልጣኝ መምህራን ደጋግሜ ሰጥቻለሁ። ያለ መልስ ቁልፍ ሲያርሙ አብዛኞቹ ለልጁ ያበልጣሉ። ከዚያ ቁልፍ እሰጣቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ምክንያት መጥቀስ 1፣ ማብራራት 2፣ በድምሩ 6። ለጽሕፈትና ለፊደል ግድፈት አይቀነስም፣ የኅብረተሰብ ትምህርት ነውና። በዚህ ቁልፍ ልጅቷ 6 ከ6 ናት። ልጁስ? ምክንያት አልጠቀሰም። አንድም ነጥብ የለውም። አያችሁ? ወረቀቱ አልተለወጠም። ቁልፉ ነው የለወጠው።

ስለዚህ መልስ ቁልፍ ፈተናው ሳይሰጥ ይዘጋጅ። ሳይሰጥ! ካረምኩ በኋላ አየዋለሁ ማለት የመጀመሪያውን ልጅ ወረቀት ቁልፍ ማድረግ ነው። ቁልፉን ስትጽፉም ጥያቄው ራሱ የተድበሰበሰ መሆኑን ታገኙታላችሁ። «ስለ ጎንደር አብራራ» ብላችሁ ቁልፍ ልትጽፉ ሞክሩ። አይጻፍም። የማይጻፍ ከሆነ ጥያቄውን ቀይሩት።

ሁለተኛ፣ የማብራሪያ ጥያቄዎችን በወረቀት ሳይሆን በጥያቄ እረሙ። የሁሉንም ልጆች ጥያቄ 1 ጨርሱ፣ ወረቀቱን በውዙት፣ ከዚያ ወደ ጥያቄ 2። አንድን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ስታርሙ የመጀመሪያው መልስ ጥሩ ከሆነ ሁለተኛውን ሳታውቁት ትራሩለታላችሁ። ሦስተኛ፣ ስሙን እጠፉት። የጎበዝ ተማሪ ስም ሲታይ እጅ ይላላል። የረባሽ ስም ሲታይ ይጠብቃል። ሰው ነን። አራተኛ፣ መጀመሪያ ያረማችኋቸውን አምስት ስድስት ወረቀቶች መጨረሻ ላይ መልሳችሁ እዩ። ሁለት መቶ ወረቀት ማታ በደከመ ዓይን ሲታረም የመጀመሪያውና የመጨረሻው እኩል አይታዩም።

«ስልሳ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘን ይህ ይቻላል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም የምላችሁ ማብራሪያ አታብዙ ነው። አንድ ወይም ሁለት፣ አጭር፣ ቁልፍ ያለው። የቀረውን በጥሩ ምርጫ ፈትኑ። አንድ በደንብ የታረመ ማብራሪያ አምስት በችኮላ ከታረመ ይሻላል።

በግምት ለተመለሰ ምርጫ ማርክ መቀነስ አለብን ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ቀመሩ ይታወቃል። ትክክለኛው ብዛት ሲቀነስ፣ የተሳሳተው ብዛት ከአማራጮቹ ብዛት አንድ ተቀንሶ ለሚቀረው ተካፍሎ። በ40 ጥያቄ ባለ አራት አማራጭ 28 ያገኘና 12 የሳተ ልጅ፣ 12ቱ ለ3 ተካፍሎ 4 ይሆናል፣ ከ28 ሲቀነስ 24 ያገኛል። እኔ ለክፍል ፈተና አልመክረውም። ደፋሩ ይገምታል፣ ዓይን አፋሩ ግን ግማሽ የሚያውቀውን ጥያቄ ባዶ ይተወዋል። የሚጎዳው ዓይን አፋሩ ነው። ጥያቄውን ማብዛት ይሻላል።

ካረማችሁ በኋላ ደግሞ ጥያቄዎቹን ራሳቸውን እረሟቸው። 60 ልጅ ካለ በማርክ ከላይ 16፣ ከታች 16 ወረቀት አውጡ። አንዱን ጥያቄ ከላዮቹ 14፣ ከታቾቹ 5 መለሱት እንበል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ያነበበውን ካላነበበው ይለያል። ከላዮቹ 6፣ ከታቾቹ 9 ከሆነስ? አንድ ትምህርት ቤት በጉብኝት ሄጄ እንዲህ ያለ ጥያቄ አገኘን። ጎበዞቹ በሙሉ ማለት ይቻላል «መ» ብለዋል። ቁልፉ «ለ» ይላል። መጽሐፉን ስንከፍት ትክክሉ «መ» ነበር። ለካ ቁልፉ ሲገለበጥ ተሳስቷል። ሮስተሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መምህሯ ምንም ሳትል ቁጭ ብላ ሁሉንም መልሳ አረመች። አከበርኳት።

የግሩፕ ሥራን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ 10 ከ10 ያገኛሉ። ግማሹን ለሥራው ስጡ። ግማሹን ግን እያንዳንዱን አቁማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ስጡ።

አንድ ነገር ግን በጣም ይከነክነኛል። ማርክ መቅጫ አታድርጉት። ያረፈደውን ልጅ ከሒሳብ 5 መቀነስ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰውን ከሳይንስ 3 መቀነስ ምን ማለት ነው? ካርዱን የሚያየው ወላጅ ልጄ ሒሳብ አይችልም ይላል። ልጁ ግን ሒሳብ ይችላል፣ ያረፈደው ውሃ ወረፋ ላይ ቆይቶ ነው። ቅጣት ካስፈለገ ሌላ መንገድ አለ። ለማርክ ሲሉ የሚለምኑ፣ የሚያስለምኑ፣ አማላጅ የሚልኩም አሉ። ለዚያም እምቢ በሉ። ቁልፍ ካላችሁ እምቢ ማለት ይቀላል፣ ወረቀቱንና ቁልፉን አውጥታችሁ ታሳያላችሁ።

ወረቀቱን ደግሞ መልሱላቸው። እባካችሁ መልሱላቸው። መምህር ክፍሉ ፊት ቆሞ ማርክ ከላይ እስከ ታች እየጠራ የመጨረሻዎቹ አንገታቸውን ሲደፉ ተማሪ ሆኜ አይቻለሁ። ወረቀቱን ግን አላየነውም። የት እንደሳትን ሳናውቅ የሳትን መሆናችንን ብቻ አወቅን። ሁሉም ወረቀት ላይ ረጅም አስተያየት ጻፉ አልልም፣ አይቻልም። ግን አንድ መስመር፦ «ምክንያቱን ጠቅሰሃል፣ ማብራሪያው ጎድሏል።» ልጁ በሚቀጥለው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ቅሬታ ላለው አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ቁልፉን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ልጁ ልክ ከሆነ ማርኩን አስተካክሉለት፣ በጓደኞቹ ፊት።

እንግዲህ ያመጣችሁትን የመንፈቅ ዓመት ፈተና አውጡ። ሁለት ሁለት ሁናችሁ ተቀመጡ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት መምህር ጋር። ፈተናውን ተለዋወጡና፣ ቁልፉን ሳታዩ የጓደኛችሁን ጥያቄ መልሱ። ከዚያ ቁልፎቻችሁን አስተያዩ። የማይገጥመውን ጥያቄ በቀይ እስክሪብቶ ክበቡት። ከሻይ በኋላ የተከበቡትን አንድ በአንድ እንነጋገርባቸዋለን። አመሰግናለሁ።